ለመከርከሚያ አራት ኢንች

ሰኞ፣ ማርች 11፣ 2013

ይህ የምንጣፍ መለኪያ ደብተሬ ነው። «ርዝመት»፣ «ወርድ» የሚሉ ዓምዶች ታትመውበታል። ከእንግዲህ የምለካው ስለሌለ ባዶ የቀሩትን ገጾች በወሬ ልሙላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ምንጣፍ አንጣፊ ነበርኩ። ምንጣፍ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚወጠረው የብረት መወጠሪያ በጉልበት እየመቱ ነው። ምንጣፎቹ እስከ ዛሬ እንደተወጠሩ ናቸው፣ ጉልበቴ ግን አለቀ። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ከመንግሥት በሳምንት ሰባ አንድ ፓውንድ እየተቀበልኩ ብቻዬን እኖራለሁ።

ዛሬ ደብዳቤ መጣ። ከኤፕሪል ጀምሮ የቤት ኪራይ ድጎማዬ በሳምንት አሥራ ሁለት ፓውንድ ይቀነሳል። ምክንያት፦ «አንድ ትርፍ መኝታ ክፍል አለዎት።» ደብዳቤውን እንደያዝኩ ወደ ላይ ወጣሁና ከደረጃው ራስ ላይ ያለችውን ትንሿን ክፍል ከፈትኳት። የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ፣ በካርቶን የተጠቀለለ የገና ዛፍ፣ ትታኝ የሄደችው ሚስቴ የረሳችው ሻንጣ። ለንደን የተቀመጠ ሚኒስትር ይህችን ክፍል ያውቃታል ማለት ነው። በሩን ይዤ ተገርሜ ቆምኩ። እኔ ራሴ ከገና ወዲህ አልገባሁባትም ነበር።

ሐሙስ፣ ማርች 14

አውቶቡስ ፌርማታ። ዊኒ ሆልት። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጡረተኞችን አዲሱ ሕግ አይነካም፣ ሰፈሩ ውስጥ ከሁሉም በላይ የተቆጣችው ግን እሷ ናት።

«ደረሰህ?»

«ደረሰኝ።»

«ዕድሜህን ሙሉ በየሰው ክፍል ስትንበረከክ ኖረህ፣ ዛሬ ስንት ክፍል እንደሚበቃህ ከለንደን ይነግሩህ! አፈር ይብሉ!»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 3

የመጀመሪያው ቅነሳ። ማሞቂያውን አጠፋሁት። ሱሪዬ ዚፑ ተበላሽቶ ወደ ኖሪን ሄድኩ።

ኖሪን ሰግደን ጎረቤቴ ናት፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ትምህርት ቤት ኩሽና ትሠራለች፤ በትርፍ ጊዜዋ የተማሪ ዩኒፎርም ታሳጥራለች፣ ታስረዝማለች። ሁሉንም ሰው «ፍቅሬ» ትላለች፤ አውቶቡስ ነጂውንም፣ ውዝፍ ኪራይ ሊጠይቃት የሚመጣውንም። የስፌት መኪናዋ ያለው በእሷ ትንሿ ክፍል ነው። መኪናው ከገባ ወንበሩ አይገባም። ስለዚህ የወንበሩ የፊት እግሮች ክፍሉ ውስጥ፣ የኋላዎቹ ኮሪደሩ ላይ ሆነው በሩን ከፍታ ትሰፋለች።

«አየህልኝ ትርፌን?» አለችኝ በመርፌው ውስጥ ክር እያስገባች። «ቂጤ እንኳ አልገባበት ብሎ ውጭ አድሯል።»

ለዚፑ ገንዘብ አልተቀበለችኝም።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 19

ቤቱን የሚያከራየኝ የቤቶች ማኅበር ሠራተኛ መጣች። ጄማ ትባላለች፤ ልጅ እግር ናት፣ ጨዋ ናት፣ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። ወደ ላይ ወጥታ ክፍሏን አየቻት።

«ጠባብ ናት እኮ» አልኳት።

«አያለሁ፣ ሚስተር አክሮይድ። ግን ፋይላችን ላይ ሰባ ነጥብ ሰባት ካሬ ጫማ ይላል። ሙሉ መኝታ ክፍል ነው። ሰፈሩ ሁሉ አንድ ነው።»

«ማን ለካው?»

«በአሥራ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት ነው፤ ማኅበሩ ቤቶቹን ሲረከብ። በባለሙያ የተለካ ይላል።»

ሻይ አቀረብኩላት። ስኳር አልወስድም እያለችኝ ሁለት ማንኪያ ጨመርኩባት።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ጉልበቴ አሞኛል። የትም አልወጣሁም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 25

ጉልበቴ። ዝናብ። የድሮ ደብተሮቼን ያለምክንያት አወጣሁና ያለምክንያት መለስኳቸው።

ማክሰኞ፣ ሜይ 7

ዊኒ ስለ ቅነሳው ስብሰባ ጠርታ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ስልሳ ሰው ይሆናል። ዊኒ ወንበር ላይ ወጥታ ቆመች፤ ሁለት ሰው ደግፏታል።

«ስሙኝማ! ሦስት ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ዓይኔን አጥፍቻለሁ። አንድ አሮጌ የቤት ሕግ አለ። ከሰባ ካሬ ጫማ በታች የሆነች ክፍል፣ ይላል ሕጉ፣ ለሙሉ ሰው አትበቃም። የምትበቃው ለግማሽ ሰው ነው!»

«ለየትኛው ግማሽ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ላንተ ከሆነ ለታችኛው። የላይኛውማ ድሮም ባዶ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን ግማሽ ሰው የሚለው ውስጤ ገባ። ሰውን በጫማ ለክቶ ለሁለት የከፈለ ሕግ አውጪ ተቀምጦ፣ አስቦ፣ ጽፎታል። እኔም በጫማና በኢንች የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን አስቤ አላውቅም።

«እንግዲህ ከሰባ በታች መሆኗን ካሳየን ይግባኝ እንላለን» አለች ዊኒ። «ትሬቨር! የዚህን ሰፈር ምንጣፍ ሁሉ ያነጠፍከው አንተ ነህ። ስንት ናት?»

ስልሳ ራስ ወደ እኔ ዞረ። የኖሪንም ጭምር፣ ፈገግ ብላ።

«ደብተር ማየት አለብኝ» አልኩ።

ምንም ደብተር አያስፈልገኝም ነበር። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ።

ረቡዕ፣ ሜይ 8

እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው።

ምንጣፍ አንጣፊ ክፍል አይለካም። የሚለካው ምንጣፍ ነው። ቀጥ ያለ ግድግዳ በዓለም ላይ ስለሌለ በርዝመቱም በወርዱም አራት አራት ኢንች ይጨምራል፤ ደብተሩ ላይ የሚጽፈውም ከጨመረ በኋላ ያለውን ነው። ትርፉ ሲነጠፍ በቢላ ይከረከማል። አንድ ኢንች ካጠረ ግን ምንጣፉ ተበላሸ፣ ዕዳው የአንጣፊው ነው። ያስተማረኝ ሽማግሌ «በማስረዘም የታሰረ ሰው የለም» ይለኝ ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አጥሮብኝ አያውቅም። ሌላ የምኮራበት ነገር የለኝም።

በዘጠና ስምንት ማኅበሩ ቤቶቹን ሲረከብ የክፍሎቹን ልክ ፈለገ። ሰዉም «ትሬቨርን ጠይቁት» አላቸው። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ደግሜ ምን ያንበረክከኛል ብዬ ከምንጣፍ ደብተሬ ገልብጬ ሰጠኋቸው። ሁለት መቶ ፓውንድና አንድ ጠርሙስ ወይን ሰጡኝ። ፋይሉ ላይ ያለው «ባለሙያ» እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛውን፣ ዛፉን፣ ሻንጣውን አስወጥቼ ሜትሬን ይዤ ተንበረከክሁ። ዘጠኝ ጫማ በሰባት ጫማ ከሦስት ኢንች። ስልሳ አምስት ካሬ ከሩብ። የደብተሬ ግን ዘጠኝ ከአራት በሰባት ከሰባት ነው፤ ሰባ ነጥብ ሰባት ይመጣል። ሦስት ጊዜ ለካሁ። ሦስት ጊዜም ያው ነው።

አራት ኢንች የመዳፌ ስፋት ነው። መዳፌን ወለሉ ላይ ዘርግቼ ብዙ አየሁት። ይህን የምታህል ነገር አሥራ አምስት ዓመት ፋይል ውስጥ ተኝታ፣ አንድ ቀን ብድግ ብላ የሰፈሩን መቶ አርባ ቤት አንኳኳች። ፈራኋት። ፈርቼም መገረሜን አልተውኩም። ካቴድራል ውስጥ ገብቼ ጣሪያውን ቀና ብዬ ሳይ እንኳ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ነገ ቢሮ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።

ሐሙስ፣ ሜይ 9

ቢሮው ዝግ ነበር። (አልሄድኩም። ግን ሐሙስ ከሰዓት ይዘጋል።)

ሰኞ፣ ሜይ 13

ማኅበሩ ቢከሰኝስ? «ሁለት መቶ ፓውንዱን መልስ» ቢሉኝስ? ሰዉስ ምን ይላል? ትሬቨር አክሮይድ መለካት አይችልም ይሉኛል። እንዲህ ከሚባል...

ጉልበቴ ዛሬ ደህና ነው።

ሰኞ፣ ሜይ 20

ኖሪን በግድግዳው ሁለት ጊዜ አንኳኳች፤ ሻይ ፈልቷል ማለት ነው። ሄድኩ።

ኩሽና የምትሠራበት ሰዓት ተቀንሶባታል፤ ኪራዩ ተወዝፏል። የፍርድ ቤት ማስጠንቀቂያውን ከግድግዳ ሰዓቱ ኋላ ሸጉጣዋለች። ማኅበሩ ከከተማው ማዶ ባለአንድ መኝታ ቤት አግኝቶላታል፤ ስድስተኛ ፎቅ። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጪ ብለዋታል።

«ዊኒ ይግባኝ በይ ትለኛለች» አለች። «ግን ባለሙያ የለካውን በምን አፈርሳለሁ? በኋላ ውዝፉ ተከምሮ ያም ቤት ያመልጠኛል። አንተ ምን ትላለህ፣ ፍቅሬ? አንተ ያልከኝን አደርጋለሁ።»

ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ሚስቴ እንኳ።

«ስድስተኛ ፎቅ ጥሩ እይታ ይኖረዋል» አልኩ።

ብስኩት አቀረበችልኝ። በላሁት። ሁለት በላሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 28

ልነግራት በሯ ድረስ ሄድኩ። የስፌት መኪናው ይሰማል። ሥራ ላይ ናት ብዬ ተመለስኩ።

ዓርብ፣ ሜይ 31

ፈረመች።

ቅዳሜ፣ ጁን 15

ኖሪን ወጣች።

ቤት ሲለቀቅ ወለሉ ባዶ ሆኖ መሰጠት አለበት፤ የማኅበሩ ደንብ ነው። «አንተ ያነጠፍከውን ሌላ ሰው አይነቅልብኝም» ብላ እኔን ጠራችኝ። የሳሎኑን፣ የመኝታ ቤቱን፣ በመጨረሻ የትንሿን ክፍል ነቀልኩ። ያኛው ሲጠቀለል ጀርባው ላይ በሰማያዊ ቀለም የራሴ ጽሑፍ ወጣ፦ 9-4 በ 7-7። ስንቆርጥ እንዳይምታታብን ጀርባው ላይ እንጽፋለን። ኖሪን አነበበችው። ከዚያ ባዶውን ወለል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አየችው። ከዚያ እኔን።

«የእጅ ጽሑፍህ ያምራል» አለች።

ዕቃው ቫን ላይ ከተጫነ በኋላ ተመልሳ ገባች። ስትዘገይ ሄጄ ባየሁ መስኮት ትወለውላለች። ምንም የሌለበት ቤት። ደረጃውን በብሩሽ ፈትጋ አጥባዋለች።

«ለማን ብለሽ ነው?» አልኳት።

«ለሚመጣው ሰው ነዋ። እሱ ምን አደረገኝ?»

ጨርቁን ጨምቃ አጥፋ ባልዲው አፍ ላይ አሰጣችው። ብዙ ትልቅ ሰው አይቻለሁ፤ ከተማችን ንግሥቲቱ የመጣች ጊዜ ከፊት ረድፍ ቆሜ ነበር። የዛሬውን የሚያህል ግን አላየሁም። ቫኑ ሞተሩን አስነሥቶ ጠበቃት። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ከዚያ ቫኑ ሄደ።

እሑድ፣ ጁን 16

ከጸሎት በኋላ ዊኒን በሯ ላይ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት፤ አራቱን ኢንች፣ ደብተሩን፣ ወይኑንም ሳይቀር።

ዊኒ ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

«ኖሪን ትናንት ወጣች» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ትናንት፣ ትሬቨር!»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! አንተ ድንቄም ባለሙያ! ሰው ሁሉ ሲሄድብህ የኖረ ምንጣፍ!» ወደ ውስጥ ገባች፤ በሩን ልትዘጋብኝ መስሎኝ ነበር። ኮቷን ለብሳ ወጣች።

«ሜትርህን አምጣ። ይግባኝ ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ ትለካለህ። እኔ እጽፋለሁ። አንተ ከእንግዲህ እስክሪብቶ አትነካም።»

ሐሙስ፣ ጁላይ 11

አርባ አንድ ክፍል ተለካ። ዛሬ ጨረስን። ጉልበቴ ኳስ አክሎ አብጧል።

በየቤቱ ከመንበርከኬ በፊት ዊኒ እንድናገር ታደርገኛለች፤ «ቁጥሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» እላለሁ። አንዱ «ባንተ ምክንያት ነው እንዴ?» ብሎ በሩን በላዬ ላይ ጠረቀመው። ቆየና ከፈተው። «ግባ። ጫማህን አውልቅ» አለኝ።

ለእነዚህ ክፍሎች ሁሉ ምንጣፍ ቆርጫለሁ። አንዷን እንኳ በቅጡ አይቻት አላውቅም ነበር። በአንዷ ውስጥ ሳንባው ለታመመ ሰው የኦክስጅን ጠርሙሶች እንደ ወታደር ቆመዋል። በአንዷ የቲማቲም ችግኝ ብቻ፣ መስኮቱ በላብ ተሸፍኗል። በአንዷ ባልየው ይተኛል፤ ሚስቱ በእንቅልፏ ስለምትጮህ ነው፣ ሁለቱም ዓይኔን አላዩኝም። አንዷ ውስጥ ወደ መስኮቱ የዞረ ወንበር ብቻ አለ፤ የቤቱን ባለቤት አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ክፍሎቹ ዘጠኝ በሰባት ከሦስት ናቸው፣ ሁሉም። የያዙትን ግን የትኛው ሜትር ይችለዋል?

ኖሪን ቤት አዲስ ሰዎች ገብተዋል። ባልና ሚስት፣ ሦስት ልጆች። ኖሪን መመለስ ትችል እንደሆነ ጄማን ጠየቅኋት፤ «ፈርማ ለቃለች፣ የሚመለስ ነገር የለም» አለችኝ። ስትነግረኝ እሷም ከፋት።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 17

ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ። ክራባት አሠርኩ፤ ዊኒ አስተካከለችልኝ። አርባ አንዱም ቤት ሰው ልኳል፤ ወንበር ስላልበቃ በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ።

ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ ብዙ ጠየቀችኝ። ስለ ቢላው፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ደብተሩ። መለስኩ። ከዚያ፦

«ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚጨምሩት?»

«እንዳያጥር ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

«ለማን እንዳያጥር?»

ቀላል ጥያቄ ነበር።

«ለእኔ» አልኩ።

ከሰዓት ውሳኔው ተነበበ። ክፍሎቹ መኝታ ክፍል አይደሉም፤ የተቀነሰው ድጎማ ለአርባ አንዱም ይመለስ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ዊኒ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፣ ያን ጊዜ አዳራሹ ፈነዳ። ያ በሩን የጠረቀመብኝ ሰውዬ መጥቶ ጨበጠኝ። እኔ ይህ አይገባኝም።

የእኔም ቤት ተረፈ። ከግድግዳው ማዶ የማላውቃቸው ልጆች ሲሮጡ ይሰማኛል። ጥሩ ልጆች ይመስላሉ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 28

ሊፍቱ ተበላሽቷል። ስድስት ፎቅ በዚህ ጉልበት። አራተኛው ላይ ተቀምጬ ልመለስ ወይስ ልቀጥል እያልኩ ቆየሁ።

ኖሪን ከፈተችልኝ። ወለሉ እርቃኑን ሲሚንቶ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ቤት ምንጣፍ ኖሮት አይሰጥም። የስፌት መኪናው ማድ ቤት በፕላስቲክ ተሸፍኗል፣ ማስቀመጫ ስላጣ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ የሆነ ቀሚስ ጠርዝ በእጇ መስፋቷን ቀጠለች። እኔ እንደቆምኩ ነገርኳት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፤ ብስኩቱንም ጨምሬ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ምንጣፉን ስትጠቀልል። ኩሽና ብሠራም ቁጥር አነባለሁ እኮ። የማኅበሩ ወረቀት ላይ ያየሁት ያው ቁጥር ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«አንተ እስክትናገር ነዋ። መስኮቱን ደግሜ ደጋግሜ ስወለውል ምን የማደርግ መስሎህ ነበር? ቫኑ ውስጥ ገብቼም መስታወቱን ዝቅ አድርጌ አየሁህ። አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እያልኩ።»

«ይቅርታ» አልኩ።

«እሱን እንጃ፣ ፍቅሬ። ገና አልደረስኩበትም።» ቀሚሱን አጥፋ አስቀመጠችው። እግሯን አየሁት፤ ሁለት ካልሲ ደርባለች። «ወለሉ ግን ይበርዳል። ሜትር ይዘሃል?»

ሁሌም ኪሴ ውስጥ ነው።

«እንግዲያው ለካልኝ። ምንጣፉን በኋላ። መጀመሪያ ክፍሉን።»

ተንበረከክሁ። ኖሪን የሜትሩን ጫፍ ይዛ ሄዳ ከማዶው ግድግዳ ሥር ቁጢጥ አለችና ጣቷን ጫነችበት። አነበብኩ።

«አሥራ አንድ ጫማ ከሁለት ኢንች።»

«አልሰማሁህም» አለችኝ።

ጮክ ብዬ ደገምኩት።